ሃርት አታክ ሲመጣ፦ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ ቀጣዩ ዓመት በቅደም ተከተል

ስለ ልብ ሕመም ያልሰማ ሰው የለም፤ ሕመሙ ቤት ሲገባ የሚሠራው ስህተት ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ታማሚው «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» ይላል። ቤተሰቡ ውኃ ያቀርባል፣ ጀርባ ያሻል፣ «እስኪ ትንሽ ጋደም በል» ይላል። እንዲህ እየተባለ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል።

ሃርት አታክ የሚባለው ለልብ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በረጋ ደም ሲደፈን ነው፤ ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ጉዳቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ የሞተው ክፍል ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተዘጋጀው ያንን የሚባክን ሰዓት ለማሳጠር ነው። ሐኪምን አይተካም፤ ወደ ሐኪም በጊዜ ለመድረስ ይረዳል።

አሁን ደረቱን የሚያመው ሰው አጠገባችሁ ካለ ዝግጅቱን ዝለሉና በቀጥታ ወደ ደረጃ 2 ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ሕመሙ ሳይመጣ አዘጋጁ

በቤታችሁ ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ወይም ከዚህ በፊት ልቡን የታመመ ሰው ካለ ይህን ዛሬውኑ ጨርሱት።

1. አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ስም፣ ዕድሜ፣ ያሉበት በሽታዎች፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ አለርጂ፣ ያደረገው ቀዶ ሕክምና፣ ስቴንት (የልብ ቧንቧን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ካለው የገባበት ጊዜ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ስሙ። አንዱን ቅጂ ኪሱ ወይም ቦርሳው ውስጥ አስቀምጡ፤ ፎቶውን በሁለት ሰዎች ስልክ ላይ ያዙ። የቆየ የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) ወረቀት ካለው እሱንም ፎቶ አንሱት። ሐኪሙ የዛሬውን ከቀድሞው ጋር ሲያስተያይ አዲሱ ለውጥ የቱ እንደሆነ ቶሎ ይለያል፤ ይህን የሚይዝ ሰው ግን ጥቂት ነው።

2. የምትሄዱበትን ሆስፒታል አስቀድማችሁ ምረጡ። ቅርብ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሌሊትም ጭምር ኢሲጂ ታነሳላችሁ? የተደፈነ የልብ ቧንቧን በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ትከፍታላችሁ ወይስ የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ ትሰጣላችሁ? ኢሲጂ የማያነሳ ወይም ከሁለቱ ሕክምናዎች አንዱንም የማይሰጥ ቦታ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

3. የአምቡላንስ ቁጥሩን ስልክ ላይ መዝግቡ፤ የሚዘገይበት አካባቢ ከሆነ ሁለተኛ መንገድ ይኑራችሁ። መኪና ያለው ማን ነው? ሌሊት ስልክ ያነሳል? አብሮ የሚሄደው ሁለተኛው ሰውስ?

4. አስፕሪን ይኑራችሁ። የሚፈለገው መጠን 300 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ባለ 75 ወይም ባለ 81 ከሆነ 4 ፍሬ፣ ባለ 100 ከሆነ 3 ፍሬ ማለት ነው። ጊዜው እንዳያልፍበት ተመልከቱ፤ የት እንደተቀመጠ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ለታማሚው የሚከለከል መሆን አለመሆኑን በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ጠይቁና መልሱን ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

5. ቢያንስ አንድ የቤተሰብ አባል ደረትን የመጫን ዘዴውን፣ ማለትም ሲፒአርን፣ በአካል ይለማመድ። አንብቦ ማወቅና በእጅ መሥራት ለየቅል ናቸው።

6. «ምንም አልሆንኩም» የሚለው የቤታችሁ ሰው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አሁን፣ ጤነኛ ሳለ፣ ተስማሙ፦ ደረት ላይ ጭንቀት ከ5 ደቂቃ ካለፈ ክርክር የለም፣ ይደወላል። በእኔ ግምት ከዚህ ዝግጅት ሁሉ ሕይወት የማዳን ዕድሉ የሚሰፋው ይኼኛው ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ማሳመን ከባድ ነውና።

ደረጃ 2፦ ጠርጥሩና በ5 ደቂቃ ውስጥ ወስኑ

የተለመደው አመጣጥ

ደረት መሐል ላይ ከባድ ነገር የተጫነ ወይም የሚጨመቅ ዓይነት ስሜት። ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ሁለቱም ክንዶች፣ ወደ አንገት፣ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ጀርባ ወይም ወደ ላይኛው ሆድ ሊሄድ ይችላል። ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞር፣ የፊት መገርጣት ይከተላሉ። ብዙ ታማሚዎች «ሕመም» አይሉትም፤ «ደረቴን አፈነኝ» ወይም «ከበደኝ» ይላሉ። ስለዚህ «ያምሃል?» ብላችሁ ብቻ ጠይቃችሁ «አያመኝም» ቢላችሁ አትዘናጉ።

የሚያሳስተው አመጣጥ

በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ታማሚዎች ላይ የደረት ሕመሙ ደካማ ሊሆን ወይም ጭራሹን ላይኖር ይችላል። በምትኩ ድንገተኛ ድካም፣ ያለ ምክንያት ትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ላብ ብቻ ሊታይ ይችላል። የስኳር ሕመም ለዓመታት የቆየበት ሰው ነርቮቹ ስለሚጎዱ ሕመሙን በደንብ ላይሰማው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ድንገት በላብ ተጠምቆ ትንፋሽ ካጠረው ሕመም እስኪናገር አትጠብቁ።

እንዳትታለሉባቸው

• የጨጓራ ማስታገሻ ወስዶ ቀለል ቢለው ልብ አይደለም ማለት አይቻልም። ግሳት ወጥቶ ቢቀልለውም እንዲሁ።
• ሕመሙ መጥቶ ሄዶ ተመልሶ ከመጣ አልፏል ማለት አይደለም። የረጋው ደም በከፊል ተከፍቶ እንደገና ሊዘጋ ይችላል።
• «ገና ወጣት ነው» አትበሉ። አጫሽ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነት ልቡን የታመመ ያለበት ሰው ከ40 በፊትም ሊያገኘው ይችላል።
• ሳል በመሳል ልብን ማስነሳት ይቻላል እየተባለ የሚዘዋወረውን ምክር እርሱት። ቤት ውስጥ ጊዜ ከማቃጠል በቀር ጥቅም የለውም።

ሲጫኑት ብቻ የሚያም፣ ሰከንድ ቆይቶ የሚጠፋ ውጋት ከልብ የመሆን ዕድሉ ያነሰ ነው። ያም ቢሆን ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከታከለበት ልብ እንደሆነ ቆጥራችሁ ተንቀሳቀሱ። ሆስፒታል ሄዶ «ጨጓራ ነው» ተብሎ መመለስ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ታማሚው እምቢ ካለ

አትጨቃጨቁት። አንዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሌላው ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ ይደውል። «ባለሙያ መጥቶ ይይህ፣ ምንም ከሌለ ይሄዳል» በሉት። ብዙ ጊዜ እምቢታው ፍርሃት ነው፤ ባለሙያው በር ላይ ሲደርስ ይበርዳል።

ደረጃ 3፦ ደውሉ፣ አስቀምጡ፣ በር ክፈቱ

1. የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥር ደውሉ። ረጅም ታሪክ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦ «የ60 ዓመት ሰው ነው፤ ደረቱን ከጨመቀው 10 ደቂቃ አልፏል፣ ላብ አጥምቆታል፤ ሃርት አታክ እንጠረጥራለን፤ ያለነው እዚህ ቦታ ነው።» ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ተቀባዩ ሳይዘጋ እናንተ አትዝጉት።

2. ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ። ግምትም ቢሆን ጻፉት። ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ውሳኔ የሚወሰነው በዚህች ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው።

3. ታማሚውን ባለበት ቦታ አስቀምጡት። ጀርባውን ግድግዳ ወይም ትራስ ደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከወገቡ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ደረጃ አይውጣ፣ አይውረድ፣ ልብስ ለመቀየር አይነሳ፣ ገላውን አይታጠብ። እያንዳንዱ እርምጃ ደም ያጣውን ጡንቻ ተጨማሪ ሥራ ያሠራዋል። የሸሚዙን ቁልፍ፣ ቀበቶውንና ጠባብ ልብሱን አላሉለት።

4. ምግብም መጠጥም አትስጡት፤ ለአስፕሪኑ ከሚያስፈልገው ጉንጭ ውኃ በቀር።

5. በሩን ክፈቱ፣ መብራት አብሩ፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አምቡላንሱን ይጠብቅ። በዚህች ትንሽ ነገር ስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ ማመን ያስቸግራል።

ብቻችሁን ከሆናችሁ

ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። መጀመሪያ የውጭውን በር ከፍታችሁ እዚያው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከዚያ ደውሉ፤ ከዚያ አስፕሪን ውሰዱ፤ ከዚያ ጎረቤት ጥሩ። መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ በር አትዝጉ። መኪናችሁን ራሳችሁ አትንዱ፤ መሪ ላይ እንዳላችሁ ራሳችሁን ብትስቱ ሌላ ሰውም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 4፦ አስፕሪን

መጀመሪያ ተደውሏል? ካልተደወለ ተመለሱ። አስፕሪን ፍለጋ ፋርማሲ ሄዶ ጥሪውን ማዘግየት የተለመደ ስህተት ነው።

1. ጠይቁ፦ ለአስፕሪን አለርጂ አለህ? አሁን የሚደማ ነገር አለህ? በቅርቡ ደም አስመልሰሃል ወይስ ጥቁር ሰገራ አይተሃል? ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ፈስሶ ያውቃል? ሐኪም አስፕሪን ከልክሎሃል? አንዱንም «አዎ» ካለ አትስጡት፤ ለአምቡላንስ ባለሙያው ንገሩት።
2. ሁሉም «አይ» ከሆነ 300 ሚሊግራም ያህል ስጡት።
3. አኝኮ ይዋጠው። ሙሉውን ከዋጠው ለመሥራት ይዘገያል። ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ተለብጦ የተሠራው ዓይነት ብቻ ካለ እሱንም በደንብ አኝኮ ይውሰደው። ማኘክ ካቃተው በማንኪያ አድቅቃችሁ በጥቂት ውኃ ስጡት።
4. የሰጣችሁበትን ሰዓትና መጠን ጻፉ።

ጥንቃቄ፦ ፊቱ ከተጣመመ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና አስፕሪን አትስጡ። ሕመሙ ድንገት ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ እንደ መቀደድ ያለ ኃይለኛ ሕመም ከሆነም አትስጡ፤ ትልቁ የደም ቧንቧ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ለጥሪ ተቀባዩ በትክክል ግለጹለት። የመተንፈሻ መድኃኒት የሚወስድ የአስም ታማሚ ከሆነ አስፕሪን አስሙን ቀስቅሶበት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ።

አስፕሪን ከሌለ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በምትኩ አትስጡ። የሕመም ማስታገሻ መሆናቸው አያመሳስላቸውም፤ እነዚህ ለልብ ታማሚ ጎጂ ናቸው።

ደረጃ 5፦ ናይትሮግሊሰሪን፣ ለታዘዘለት ሰው ብቻ

ናይትሮግሊሰሪን የደም ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት ነው። የጎረቤትን እንክብል አትዋሱ። ታማሚው በስሙ የታዘዘለት ካለው ተቀምጦ አንድ ፍሬ ምላሱ ሥር ያድርግ ወይም አንድ ጊዜ ይርጨው። ቆሞ ከወሰደው ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት፣ እስካሁን ካልተደወለ አሁኑኑ ይደወል። በየ5 ደቂቃው አንድ እየወሰደ፣ የመጀመሪያውን ጨምሮ በጠቅላላው እስከ 3 ጊዜ መውሰድ ይችላል።

በፍጹም የማይሰጠው፦ ለወሲብ ብቃት የሚወሰድ መድኃኒት ለወሰደ ሰው። ሲልደናፊል ከሆነ በ24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ናይትሮግሊሰሪን ቢጨመርበት ግፊቱ አደገኛ በሆነ መጠን ይወርዳል። ወንዶች ይህን በልጆቻቸው ፊት ላይናገሩ ይችላሉ፤ ሰዎቹን አስወጥታችሁ ለብቻው ጠይቁት። ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ ራሱን የሚያዞረው ወይም ግራ የተጋባ ከሆነም አትስጡት።

ከወሰደ በኋላ ራሱን ቢያመው አትደንግጡ፤ የመድኃኒቱ የታወቀ ባሕርይ ነው።

ደረጃ 6፦ ከወደቀና ካልመለሰ

እስካሁን ልቡ ታሟል እንጂ አልቆመም ነበር። አሁን ሊቆም ይችላል። ከዚህ በኋላ ያለው የሰከንድ ጉዳይ ነው።

1. ትከሻውን ይዛችሁ ነቅንቁት፣ በስሙ ጥሩት።
2. ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ደረቱን ተመልከቱ። በመደበኛነት እየተነፈሰ ነው? የሚያጣጥር፣ አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ የሚያሰማ ሰው እየተነፈሰ አይደለም። ብዙ ሰው እጁን የሚሰበስበው እዚህ ላይ ነው፦ «ይተነፍሳል፣ ተውት» ይባላል።
3. አንድ ሰው ይደውል፤ ሌላው በአቅራቢያ ኤኢዲ የሚባለው የልብ ምት ማስነሻ መሣሪያ ካለ ያምጣ።
4. ከአልጋ ወይም ከሶፋ አውርዳችሁ ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኙት። ፍራሽ ላይ ስትጫኑ ወደ ታች የሚሄደው ፍራሹ ነው።
5. ከጎኑ ተንበርከኩ። የአንድ እጃችሁን መዳፍ፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው ጠንካራ ክፍሉ፣ በደረቱ አጥንት የታችኛው ግማሽ ላይ አድርጉ። ሌላውን እጅ ከላይ ደርቡ፣ ጣቶቹን አቆላልፉ።
6. ክርናችሁን ሳታጥፉ፣ ትከሻችሁን ከእጃችሁ በላይ አድርጋችሁ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ።
7. ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ይመለስ። ልብ በደም የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። እጃችሁን ግን ከቦታው አታንሱ።
8. ትንፋሽ መስጠት የሠለጠነ ሰው ካለ 30 ጭነት፣ 2 ትንፋሽ። ካልሠለጠናችሁ ሳታቋርጡ መጫን ብቻ ይበቃል።
9. በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። ያልደከማችሁ ቢመስላችሁም ተቀያየሩ፤ ጥልቀቱ የሚቀንሰው ድካሙ ሳይታወቃችሁ ነው።

መሣሪያው ሲመጣ

አብሩት፣ የሚላችሁን አድርጉ። ልብሱን ክፈቱ፣ የደረቱን ላብ ጥረጉ፣ የተለጠፈ መድኃኒት ካለ አንሱ። አንዱን ልጥፍ በቀኝ በኩል ከአንገት ሥር ካለው አግዳሚ አጥንት በታች፣ ሌላውን በግራ ጎኑ ከብብት በታች ለጥፉ። መሣሪያው የልብ ምቱን ሲመረምርና ኤሌክትሪክ ሲለቅ ማንም አይንካው። ለቅቆ እንደጨረሰ ወዲያውኑ ወደ ጭነቱ ተመለሱ። መሣሪያው የማያስፈልገውን ሰው በኤሌክትሪክ አይመታምና ተሳስተን እንገድለዋለን ብላችሁ አትፍሩ።

ሲበላሽ

• የጎን አጥንት ሲሰበር ድምፅ ሰማችሁ፦ የእጃችሁን ቦታ አስተካክሉና ቀጥሉ። አጥንት ይድናል።
• አስመለሰ፦ ወደ ጎን አዙራችሁ አፉን ጥረጉ፣ መልሳችሁ በጀርባው አስተኙትና ቀጥሉ።
• መተንፈስ ጀመረ፦ ጭነቱን አቁሙ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ዓይናችሁን ከትንፋሹ አትንቀሉ። እንደገና ካቆመ እንደገና ጀምሩ።
• መኪና ውስጥ ወደቀ፦ መኪናውን ጥግ አስይዛችሁ ቁሙ፣ መሬት ላይ አውርዱት። ወንበር ላይ የሚደረግ ጭነት ደም አያንቀሳቅስም።

ደረጃ 7፦ መንገድና የሆስፒታል በር

አምቡላንስ ከመጣ ባለሙያው ይምራ። በግል መኪና ከሆነ ታማሚው ወንበሩን ጋደም አድርጎ ይቀመጥ፤ ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው አጠገቡ ይሁን። ወረቀቱን፣ መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸው፣ የጻፋችሁትን ሰዓት ያዙ።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ወረፋ ይዛችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። «የደረት ሕመም ነው፣ በዚህ ሰዓት ጀመረ፣ ኢሲጂ ይነሳለት» በሉ። ኢሲጂ በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳትና መነበብ አለበት። በትሕትና ግን ደጋግማችሁ አስታውሱ። ይህ ከወረፋ ማለፍ አይባልም።

የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ቢሆን ወዲያው ወደ ቤት አትሂዱ። ሃርት አታክ ይዞት ሳለ የመጀመሪያው ኢሲጂ ምንም ላያሳይ ይችላል። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ሕመሙ እንደጀመረ ላይጨምር ስለሚችል ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። «ሁለተኛው ትሮፖኒን መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕመሙ ከተመለሰ ወዲያው ንገሩ፣ ኢሲጂው እንዲደገም ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ቧንቧው የሚከፈትበት ሕክምና

እዚህ የእናንተ ሥራ ትንሽ ነው፤ ፊርማ ሲጠየቅ ሰዓት እንዳያልፍ ማወቅ ያለባችሁን ብቻ ልጻፍ።

ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መደፈኑን ኢሲጂ ካሳየ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በፊኛ መክፈትና ስቴንት ማስቀመጥ ነው። ታማሚው ብዙውን ጊዜ አይደነዝዝም፤ ቱቦው የሚገባበት ቦታ ብቻ ይደነዝዛል። በ2 ሰዓት ውስጥ መሥራት ከተቻለ ይህ ይመረጣል። ካልተቻለ፣ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካልሞላውና የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ ይሰጣል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሰዓታት ከተሰጠ ጥቅሙ የጎላ ነው። ከዚያም ቢሆን ቧንቧውን ለማየትና ለመክፈት ወደሚቻልበት ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል።

መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ሳትጠየቁም ንገሩ፦ የጭንቅላት ደም መፍሰስ ወይም ስትሮክ ኖሮት ያውቃል? በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ደርሶበታል? ደም ማቅጠኛ ይወስዳል? የሚደማ የጨጓራ ቁስል አለው? እነዚህን መደበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

«ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ይወስን» የሚል ነገር ከተነሳ አንድ ወሳኝ ሰው መርጣችሁ ለሌላው በስልክ ንገሩ።

ደረጃ 9፦ ከሆስፒታል ወጥታችሁ የመጀመሪያው ዓመት

ሁለተኛው የውድቀት ቦታ ይህ ነው። ታማሚው ይሻለዋል፣ መድኃኒቱ ይበዛበታል፣ አንዱን ይተዋል።

1. ከመውጣታችሁ በፊት የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ ለምን እንደሚወሰድና እስከ መቼ እንደሚቀጥል አስጽፉ። ብዙውን ጊዜ አስፕሪን፣ ከእሱ ጋር ክሎፒዶግሬል ወይም ቲካግሬሎር፣ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ)፣ እንደ ልቡ ሁኔታም ቤታ ብሎከር (የልብን ምት ዝግ የሚያደርግ) እና የግፊት መድኃኒት ይኖራሉ።

2. ሁለቱን ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ መድኃኒቶች ያለ ልብ ሐኪም ፈቃድ አንድ ቀንም አታቋርጡ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ 12 ወር ይወሰዳሉ፤ የመድማት ስጋት ያለበትን ሐኪሙ ያሳጥርለታል። ስቴንት በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ድንገት ከተቋረጡ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋና ሌላ ሃርት አታክ ሊያስከትል ይችላል። ጥርስ ሊነቅልላችሁ የተዘጋጀ ሐኪም «ለሳምንት አቁሙት» ቢላችሁ መጀመሪያ የልብ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። መድኃኒቱ ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው ግዙ፤ ያለቀ ዕለት ፍለጋ አትውጡ።

3. አንድ ጊዜ ከረሳችሁ እንዳስታወሳችሁ ውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የረሳችሁትን ተዉት። ደርባችሁ አትውሰዱ።

4. ስታቲን የሚወሰደው የላብራቶሪ ቁጥር ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለው የስብ ክምችት እንዳይፈነዳም ያረጋጋል። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል ልቡን ለታመመ ሰው በዴሲሊትር ደም ከ70 ሚሊግራም በታች፣ በብዙ መመሪያዎች ከ55 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመርመሩ። «ኮሌስትሮሌ ወርዷል» ብላችሁ አታቁሙት፤ የወረደው በመድኃኒቱ ነው።

5. ለሕመም ማስታገሻ ፋርማሲ ስትሄዱ ልብ ታማሚ መሆናችሁን ተናገሩ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይሆኑም።

መድኃኒቱ ሲያስቸግር

ደረቅ ሳል ከመጣ ከግፊት መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ የሚተካ አለ። ቲካግሬሎር ትንፋሽ የማጠር ስሜት ሊያመጣ ይችላል። ስታቲን ጡንቻ ሊያሳምም ይችላል፤ ሽንት እንደ ኮላ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በሌሎቹ ሁሉ ደንቡ አንድ ነው፦ ለሐኪሙ ንገሩና ይቀይርላችሁ፣ በራሳችሁ አታቁሙ።

እንቅስቃሴ

ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ በደልዳላ ቦታ በአጭር እርምጃ ጀምሩና በየቀኑ ጥቂት ጨምሩ። እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ስለ ወሲብ ማንም አይጠይቅም፣ ሁሉም ግን ያስባል፤ የሁለት ፎቅ ደረጃ ያለ ደረት ሕመምና ያለ ከባድ ትንፋሽ ማጠር የወጣ ሰው በአብዛኛው መመለስ ይችላል፣ ሐኪሙን ደፍራችሁ ጠይቁ። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና ፍርሃት ከሳምንታት በላይ ከቆዩ እሱም ይታከማል፤ ያልታከመ ድብርት መድኃኒት ያስጥላል።

ደረጃ 10፦ እንዳይመጣ፣ እንዳይደገም

ማጨስ። ከሁሉ በፊት ይህ ይቁም። ካቆማችሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ማጨስ ያመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም ስጋት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። መቀነስ ማቆምን አይተካም። ቀን ቁረጡ፣ የቀረውን ሲጋራ ጣሉ፣ ስለ ኒኮቲን ልጥፍ ወይም ማስቲካ ሐኪም ጠይቁ። አንድ ቀን ብታጨሱ በማግሥቱ እንደገና አቁሙ።

ደም ግፊት። ልኬቱ ላይ ብዙ ስህተት ስለሚሠራ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

1. ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ፣ አታጭሱ፣ አትሩጡ። ሽንታችሁን ሽኑ።
2. ጀርባችሁ ተደግፎ፣ እግራችሁ መሬት ረግጦ፣ ሳይቆላለፍ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።
3. ጨርቁን በባዶ ክንድ ላይ ጠቅልሉ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ከፍታ ይረፍ። ለክንዱ የጠበበ ጨርቅ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል።
4. እየተለካ አታውሩ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለቱንም ጻፉ።
5. ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ቀጥሉ። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሩትን አማካይ ለሐኪም አሳዩ።

ለብዙ ሰው ግቡ ከ130/80 በታች ነው። 180/120 እና ከዚያ በላይ ካያችሁ 5 ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙ። ከደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ ወይም የንግግር መታወክ ጋር ከሆነ ሳትደግሙ ደውሉ። ምልክት ሳይኖር ከፍ እንዳለ ከቀጠለ በዚያው ቀን ሐኪማችሁን አግኙ፤ በራሳችሁ ተጨማሪ ክኒን ወስዳችሁ በአንዴ አታውርዱት።

የቀሩት ባጭሩ። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ በታች ይሁን፤ በተዘጋጁ ምግቦች ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በሳምንት 150 ደቂቃ። ስኳር ካለባችሁ የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ አስደርጉ፤ ለብዙዎች ግቡ 7 በመቶ አካባቢ ነው። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት ልባቸውን ከታመሙ ምርመራውን በወጣትነት ጀምሩ። ልብ ታማሚ ከሆናችሁ በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውሰዱ።

አንድ የተለመደ ጥያቄ ይቀራል፦ ጤነኛ ሰው በየቀኑ አስፕሪን ይውሰድ? በራሳችሁ አትጀምሩ። ልቡን ታሞ ለማያውቅ ሰው፣ በተለይ ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ፣ የመድማት ጉዳቱ ጥቅሙን ሊያጠፋው ይችላል። በደረጃ 1 ያስቀመጣችሁት አስፕሪን ለዚያ ለአንዱ አስቸኳይ ቀን ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ ቀይሩት።